ቶኑ ወረደ

የተመረቅኩት በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ሥራ አላገኘሁበትም። አዳማ ተመልሼ እናትና አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ለማላውቃቸው መሥሪያ ቤቶች ሲቪ እየላክሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለብሼ የምወጣለት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ባንድ። ተቀባይ ነበርኩ። ዘፋኙ ሲያወጣ እኔ እቀበላለሁ።

ከተማችን አንድ የምትወደው ዘፋኝ ነበራት። ከሞተ ቆይቷል። በሕይወቱ ያወጣው አንድ ካሴት ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ሳልወለድ። ግን ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ያንን ካሴት የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። እኔ ራሴ ሾፌር በሆነው አባዬ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ እሱን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሰውየው ከሞተ በኋላ የእሱን ዘፈን ብቻ የሚጫወቱ ሁለት ባንዶች ተፈጠሩ። አንዱ የላይ ሰፈር፣ አንዱ የታች ሰፈር። እኔ የታች ሰፈር ነኝ።

የላይ ሰፈሮቹ ሳክስፎን የላቸውም፤ ሁሉንም በኪቦርድ ነው የሚያወጡት። ቶናቸው ግን ቁርጥ ካሴቱን ነው፤ ቀጭንና ፈጣን። እኛ የእውነት ሳክስፎን አለን፣ ነገር ግን ዘፋኛችን እዛ ቶን ላይ ስለማይደርስ ዝቅ አድርገን ነው የምንጫወተው። በቃ፣ ለዚህ ሲባል ከተማው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ፀጉር ቤት ገብተህ ፀጉርህ ግማሽ ላይ እያለ "አንተ የማን ነህ?" ትባላለህ። አንድ ልጅ ለሠርጉ የላይ ሰፈሮቹን ስለጠራ ሚዜው ቀረበት። አላጋንንም፣ እኔም ሠርጉ ላይ ነበርኩ።

ከሁሉም የሚብሰው ቴሌግራም ግሩፑ ነበር። ግሩፑን የከፈተው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው፣ አባቱ ከወሎ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ነው የያዘው። መንገድ ላይ እንኳን "አድሚን" ነው የሚባለው፤ ሚስቱም እንደዛ ስትጠራው ሰምቻለሁ። ካሴቱን ከአባቱ ወርሶ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ግሩፑ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክርክር ነው። ሟቹ ዘፋኝ ማይክ የሚይዘው በግራ ነበር በቀኝ? ኮፍያው ግራጫ ነበር ቡኒ? የታች ሰፈሩ ዘፋኝ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ለምን ተነፈሰ? አንድ ጊዜ "ግጥሙ ምን ያህል እንደሚያሳዝን አስተውላችኋል?" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው አውራ ጣት ላከልኝ። ከዛ ወደ ኮፍያው ተመለሱ።

ሁለቱ ባንዶች እሁድ ከሰዓት አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ተከታትለው እንዲጫወቱ ተስማሙ። ሰኞ ዕለት ልምምድ ላይ አለቃችን ነገሩን አወጣው። አለቃችን ሳክስፎን ተጫዋቹ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሲናደድ አይጮህም፣ የሳክስፎኑን አፍ ይጠርጋል። ያን ዕለት ብዙ ጠረገ።

"እሁድ በካሴቱ ቶን ነው የምንጫወተው" አለ። "ግሩፑ ላይ የሚጻፈውን አይቻለሁ። ቶን አውራጅ እየተባልኩ ጡረታዬን አልጨርስም።"

"ጋሼ፣ እኔ እዛ አልደርስም" አልኩ።

"ሞክሪ። ዘፋኛችን እንኳን እየታገለ መድረስ ጀምሯል።"

ሞከርኩ። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ዘፈን ሴት ተቀባይዋ በእያንዳንዱ ስንኝ የምትመልስባት ናት። ሁለት ስንኝ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከበሮ መቺው በዱላው አፉን ሸፈነ፤ እየሳቀ እንደሆነ ትከሻው ያስታውቅ ነበር።

"ቢሾፍቱ አንዲት ልጅ አለች፣ ትደርሳለች አሉኝ" አለ ጋሼ። እኔን ሳይሆን ሳክስፎኑን ነበር የሚያየው። "እስከ ሐሙስ ካልደረስሽ እሷን እጠራለሁ። አትቀየሚኝ።"

"እቀየማለሁ" አልኩት።

እውነቴን ነው። ያቺን ቦታ ከወሰዱብኝ ምንም አይቀረኝም ነበር። ሲቪዬን የሚያነብ ሰው መኖሩን እንኳን አላውቅም፤ ባንዱ ውስጥ ግን ስቀር ሰው "የት ጠፋች?" ይላል።

ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ክፍሌን ዘግቼ ጮህኩ። እናቴ በሩን ከፍታ "ኧረ ልጄ፣ ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል" አለችኝ። ምሳ ላይ ድምፄ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነበር የማወራው። አባዬ እንጀራውን እየጠቀለለ፣

"ያ ዓለም ጤና ከተማ ያለው ሰውዬ ቢሰማሽ ይስቅብሽ ነበር" አለ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ሽንኩርት የምጭንለት። እዛ ካሴት ላይ ቤዝ ጊታሩን የሚመታው እሱ እኮ ነው።"

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። "አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ካወቅከው ስንት ዓመት ሆነህ?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"

"እና ስለ ካሴቱ ምንም አውርታችሁ አታውቁም?"

"ሰውየው ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ቆሞበት፣ እኔ መኪናዬ ቆሞብኝ፣ ስለ ቶን ነው የማወራው?"

ረቡዕ በጠዋት አይሱዙው ላይ ወጣሁ። ዓለም ጤና ስንደርስ አባዬ ከጫኞቹ ጋር ቀረ፣ እኔ በመስኖው ዳር ዳር ሄጄ ሰውየውን አገኘሁት። ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፣ ውኃ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያዞራል። ረጅም ነው፤ ጣቶቹ እውነትም የቤዝ ጣቶች ናቸው።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ" አለኝ።

"ነጋ፣ ገላቶማ" አልኩት፤ ከዛ ኦሮምኛዬ ስላለቀ በአማርኛ ቀጠልኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት፣ ስልኬን አውጥቼ ዘፈኗን ከፈትኩለት። አሥር ሰከንድ እንኳን አልሰማም። ሳቀ።

"አሁንም አይጥ ይመስላል" አለ።

"ማን?"

"ሰውየው ነዋ። የሱ ድምፅ እኮ ወፍራም ነበር። ሲናገር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ ገብተን ስንቀዳው ዝቅ አድርገን፣ ረጋ ብለን ነው የተጫወትነው። ከዛ እዚህ አካባቢ ካሴቱን የሚያባዛው አዳማ ያለው ሙዚቃ ቤት ነበር። አሁን ተዘግቷል። ሲያባዛ ዋናውን የሚያጫውትበት ቴፕ ሞተሩ ይፈጥናል። ሄደን ነገርነው። 'ሰው ፈጠን ያለ ነገር ይወዳል፣ ተዉት' አለን።"

"ስለዚህ እኛ አካባቢ ያለው ካሴት በሙሉ…"

"በሙሉ። ሾፌሮቹ ናቸው እስከ ሻሸመኔ ያደረሱት። አባትሽም አለበት።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ለሰው አልነገሩም? እዛ እኮ ሰው እየተጣላ ነው።"

ጎንበስ ብሎ በዶማው አፈር ሰብስቦ ውኃውን ዘጋ። "ማን ጠየቀኝ?" አለ።

ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ የድምፅ መልእክት። የተጫወተው ሰው ደግሞ በአይሱዙ የአንድ ጠዋት መንገድ ርቀት ላይ ሽንኩርት ያጠጣል። እሁድ ይምጡ ብዬ ለመንኩት። "እሁድ ውኃ ተራዬ ነው" አለ፣ በቃ። ግን የነገረኝን በስልኬ እንድቀዳው ፈቀደ፣ ቤዙንም በአፉ አንጎራጎረልኝ፤ ዶማውን እንደ ጊታር ይዞ። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ የማይቸኩል ነገር ነው። ያን እየሰማሁ የሴቷን ክፍል ቀስ ብዬ ተቀበልኩ። ምንም ሳልጨነቅ ወጣልኝ። ቀና ብሎ አየኝና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

የሰው ወሬ ብቻ ይዤ ብመለስ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ስንመለስ መኪናው ጭነት ላይ እያለሁ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መብራት ባለበት ቦታ ሁሉ እምምም የሚል ድምፅ አለ። ትራንስፎርመር ሥር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ዘፈን ሲቀዳም ሳይታወቅ አብሮ ይቀዳል። የእምምታው ቶን ደግሞ አገሩ ሁሉ አንድ ነው፣ አይለወጥም። ቴፑ ከፈጠነ ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን እምምታውም መቅጠን አለበት ማለት ነው። አምስት ዓመት ተምሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቴ የጠቀመኝ ያን ዕለት፣ ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ነው።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዘፈኗ ከመጀመሯ በፊት ያለውን ዝምታ ቆርጬ አወጣሁ፣ ድምፁን አጎላሁት። እምምታው ነበር። ቀጭን፣ የማይገባው ቦታ ላይ። የቀረጻውን ፍጥነት ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ አወረድኩት፣ እምምታው ቦታው ላይ ቁጭ እስኪል። ከዛ ዘፈኗን ከመጀመሪያው ለቀቅኳት።

ሌላ ሰው ነበር የዘፈነው። ወፍራም፣ የደከመው፣ ሰው የሚጠብቅ ሰው። ሕይወቴን ሙሉ የደስታ ዘፈን የምትመስለኝ ዘፈን መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አመሻሽ ላይ የሚያወራ ሰው ሆነች። ሴቷም እንደዛው። እኔ መጮህ ያቃተኝ ቦታ ላይ እሷም ጮኻ አታውቅም። ቶኑ የኛ ባንድ ከሚጫወትበትም ትንሽ ዝቅ ይላል።

ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ማብራሪያ ጻፍኩ፣ የዓለም ጤናውን ሰውዬ ድምፅ ጨመርኩ። መጀመሪያ የመጣው አድሚን ነው፦ "ወላሂ ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው።" ከዛ ሌላው፦ "ሽንኩርት አምራች ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል?" ሌላው፦ "የታች ሰፈር ሰዎች መድረስ ሲያቅታቸው ካሴቱን አወረዱት።" አንዱ ደግሞ "ቀጣዩ የትራንስፎርመር ኮንሰርት መቼ ነው?" አለ፤ እሱ አስቆኛል። የእኛ ሰፈሮቹም አልተሻሉም፤ "አየህ፣ እኛ ነን ልክ!" እያሉ ተነሱ። መቶ ምናምን መልእክት አነበብኩ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ "እንዴት ያምራል" አላለም። ሰምተውት መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩለት። ገና ሲጀምር ሊያወልቀው እጁን አነሳ፤ ክርክሩ ሰልችቶታል። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሼ። ሳክስፎኑ እስኪመጣ" አልኩት።

ሳክስፎኑ መጣ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

እዛ ዘፈን ላይ የሳክስፎኑ ክፍል በጣም ፈጣን ነው፣ ካሴቱ ላይ ማለቴ ነው። ጋሼ ተማሪዎቹን ሲያስተምር "እንደዚህ ሰውዬ የሚነፋ አልተፈጠረም" ይላል። ራሱም እሱን ለመድረስ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ኖታ ይቀሩታል፣ ሁልጊዜም ከዛ በኋላ ፊቱ ይጨልማል። አሁን ግን ሰውየው ቀስ ብሎ ይነፋል። መሃል ላይ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል።

ዘፈኗ አለቀች። ከዛ "እንደገና" አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰማው። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

"ይሄን እኮ እኔ እነፋዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይሄን የመሰለውን ገና ወጣት ሆኜ እነፋ ነበር።" ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አየው። "ታዲያ እስከ ዛሬ የምወዳደረው ከቴፕ ሞተር ጋር ነው?"

"ነው፣ ጋሼ።"

መሳቅ ጀመረ። ሚስቱ ምን ሆንክ ብላ እስክትወጣ ድረስ ሳቀ። ከዛ ዓይኑን ጠርጎ "ለቢሾፍቱዋ ልጅ ደውዬ አትምጪ እላታለሁ" አለኝ። "ነገር ግን እሁድ ቢጮኹብን እንዳታለቅሺ።"

"አላለቅስም። እሰድባቸዋለሁ።"

"እሱንም አታድርጊ።"

እሁድ የአዳማ ፀሐይ እንደሚታወቀው ነው። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለዋል፣ ነፋሱ አቧራውን እያመጣ ድምፅ ማጉያው ላይ ይደፋል። የላይ ሰፈሮቹ ቀደሙ። ውሸት አልናገርም፣ ጎበዞች ናቸው። ዘፋኛቸው ያንን ቶን ወጣበት፣ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ግን ሕዝቡን ሳየው ገረመኝ። ማንም አያጨበጭብም። ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀዳል፤ ለማወዳደር። ከፊት የቆመው አድሚን ነው፣ ክንዱ እንዳይንቀጠቀጥበት በሌላኛው እጁ ደግፎታል። ሲያልቅ ዘፋኛቸው አንድ ሰው እንኳን አብሮት ስላልዘፈነ ፊቱ ድክም ብሎ ከመድረክ ወረደ። አዘንኩለት።

ተራችን ሆነ። ጋሼ ከካሴቱ ብቻ አይደለም፣ እኛ ራሳችን ከለመድነውም ዝቅ አድርጎ ጀመረ፤ ልክ እምምታው ያለበት ቦታ ላይ። አምስት ሰከንድ አልሞላም፣ ከመሃል አንዱ "ቶኑ ወረደ!" አለ። ሳቅ ተነሳ። ሌላው "አስነሡት እንጂ፣ ጋሪ ነው እንዴ!" አለ። ዘፋኛችን ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ቀጠለ።

የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፣ ተራዬ መጣ። ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያልፈራሁት ድምፄን ብቻ ነው። አፌን ስከፍት ሰፊ ሆኖ ወጣ፣ ራሴም አላውቀውም። ሁለተኛው ላይ ተቀበልኩ። ሦስተኛው፣ ያ የሚሰነጥቀኝ፣ እንደ ቤቴ በር ተከፈተልኝ።

አራተኛው ላይ ብቻዬን አልነበርኩም።

መጀመሪያ ማሚቶ መሰለኝ። ከኋላ ለስላሳ የሚያዞሩት የሆቴሉ ሴቶች ናቸው። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ይቀበላሉ። ቀጥሎ ያሉት ወንበሮች ያዙት። ከዛ አባዬ። አባዬ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም፤ ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ከካሴቱ ጋር ሲሄድ በጣቱ መሪውን መምታት እንጂ አፉን ሲከፍት አይቼው አላውቅም። ያኔ ገባኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፣ ግን ማንም ዘፍኖት አያውቅም። ሊዘፍነው አይችልም ነበር። ከሰው ጉሮሮ በላይ ነበር። የማይደርሱበትን ነገር ሲሰሙና ሲከራከሩበት ኖረዋል። አሁን ዘፈኑ ወርዶ እነሱ ያሉበት ደረሰ፣ እነሱም ያዙት።

ስድስተኛው ስንኝ ላይ ግቢው በሙሉ ይቀበል ነበር። "ጋሪ ነው እንዴ" ያለውም ሰውዬ፣ አየሁት፣ አፉን እስከ ጥርሱ መጨረሻ ከፍቶታል። የላይ ሰፈሩ ዘፋኝ መድረኩ ጥግ መጥቶ ቆመና ከኔ ጋር ተቀበለ፤ ሳየው በእጁ ቀጥዪ አለኝ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ምክንያቱም በአንድ እጅ ማጨብጨብ አይቻልም። ሳክስፎኑ ሲመጣ ጋሼ አንድም ኖታ አልቀረውም። መሃል ላይ ትንፋሽ ሳበ፣ ጮክ ብሎ፣ ሳያፍርበት።

ሲያልቅ ጩኸቱ ድንኳኑን አነሳው። ከመድረክ ወርጄ ውኃ ስጠጣ አድሚን መጣ። ስልኩን ይዞ ግራ ገብቶታል።

"እየቀዳሁ ነበር" አለ። "ለግሩፑ።"

"እና?"

አጫወተልኝ። መጀመሪያ መድረኩ ይታያል። ከዛ ምስሉ ይዘቀዘቃል፣ የሰው ጫማ፣ አቧራ፣ የወንበር እግር። ድምፁ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የራሱ የአድሚን ድምፅ ነው። ስልኩን ይዞት እንደሆነ ረስቶ፣ ከቶኑ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከልቡ ይቀበላል። ባንዱ ጭራሽ አይሰማም።

"ይሄን እንዴት ብዬ ነው የማወዳድረው?" አለኝ።

"እንደዚሁ ለጥፈው" አልኩት። "እንዴት እንደሚያምር ጻፍበት።"

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ግቢው ውስጥ ዘፈኗ እንደገና ተጀመረች። ባንዱ አልጀመራትም፤ ዘፋኛችን ፎጣ ይዞ ፊቱን እየጠረገ ነበር። ወንበሮቹ ናቸው የጀመሯት፣ ያለ መሣሪያ፣ ያለ ማይክ። ጋሼ ጆሮውን ሰጥቶ ትንሽ አዳመጠ። ከዛ ሳክስፎኑን አንስቶ አንድ ድምፅ ብቻ ነፋ፣ ቶኑን ሊያይ። ልክ ነበሩ። ውኃዬን ለአድሚን አስያዝኩትና ወደ መድረኩ ሮጥኩ፣ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅብኝ።